ስለ ጭምብሌና ስላልተቀመጥኩበት ገበታ

ለተከበሩ የመዝናኛ መርከቡ የእንግዶች ደስታ መምሪያ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብስ ደኅና ነው? ጉሮሮዎን አልከረከረዎትም፣ ደረትዎንስ አላፈነዎትም? ለወጉ ያህል የምጠይቅ እንዳይመስልዎት፤ ከመርከብዎ ከወረድኩ ወዲህ የሰው ጤና መጠየቅ ዋና ሥራዬ ሆኗል፤ የምጠይቃቸው ሰው ያሉበትን ስላላወቅኩ ግን ከእርስዎ ልጀምር ብዬ ነው። እኔ በበኩሌ ደኅና ነኝ። ታናሽ እህቴም ደኅና ናት፤ ለዚህም ምስጋናው የሚገባው ለመምሪያዎ ሳይሆን አፍና አፍንጫዬን ሸፍና ለከረመችው ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ቀደም ሲል በግል የጻፍኩልዎት ደብዳቤዎች ከሥራ ብዛት፣ ወይም ከደስታ ብዛት፣ በእርስዎ በራስዎ ሳይታዩ ቀርተው ይሆናል ብዬ በቅንነት ስለገመትኩ ይህንን አገር እያየው በጋዜጣ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ። ጉዳዬ አንድ ነው። በመጨረሻው ምሽት አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ በገበታቸው እንድቀመጥ ጋብዘውኝ አልተቀመጥኩም፤ እሳቸውም የናቅኳቸው መስሏቸው ተለያየን። እንዳልናቅኳቸው እንዲያውቁልኝ፣ ደኅና መሆናቸውንም እንዳውቅ እፈልጋለሁ። ስማቸውንና አድራሻቸውን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁና እባክዎ ያገናኙን።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልነሳ። እኔ መቀሱን የሰቀልኩ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ማለት፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ እጁ ቢደክም አፉ የማይደክም ፍጡር ነው፤ ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን እየተያየን ስለ አለቃው ክፋት፣ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ጥርሱ ሕመም ሲያጫውተኝ ኖሯል። ሚስቴ ካረፈች በኋላ፣ ሱቁም ለወጣቶች ከተላለፈ በኋላ፣ የቀረችኝ ታናሽ እህቴ ናት። እሷ ደግሞ ሳንባዋ ታሞ ለጥቂት የተረፈች ናት፤ እኔንና እርስዎን ሁለት ቀን አስነጥሶ የሚለቅ ጉንፋን እሷን ሐኪም ቤት አስተኝቶ ኦክስጅን ያስተክላል። ሐኪሟ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ሌላ ጉንፋን የምትችል አይመስለኝም ብሎኛል።

የድሮ ደንበኞቼ አዋጥተው የመርከብ ጉዞውን ሲሰጡኝ አልሄድም ብዬ ነበር። እህቴ ናት የገፋችኝ። «ወንድምዓለም፣ እኔን ስትጠብቅ አንተም ግድግዳ ሆንክ እኮ፤ ሂድና ሰው እይ፣ አፍህን አላቅ» አለችኝ። ስለዚህ ከሰው ጋር ላወራ፣ ነገር ግን ከሰው ምንም ይዤ ላልመለስ፣ ጭምብሌን አጥልቄ ተሳፈርኩ። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች በአንድ መርከብ እንደማይሳፈሩ የተረዳሁት በእናንተ ትምህርት ነው፤ ለትምህርቱም ምስጋናዬን ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ምርጫዬን ስላከበራችሁልኝ። በመርከቡ መግቢያ ላይ «ጭምብል ማድረግም ሆነ አለማድረግ የእንግዳችን ምርጫ ነው፤ ምርጫዎን እናከብራለን» የሚል ያማረ ማስታወቂያ ሰቅላችኋል። እውነቱን ለመናገር ሳነበው ልቤ ሞላ። በዚያው ምሽት ወደ መመገቢያው አዳራሽ ስገባ ብቻቸውን ለሚጓዙ እንግዶች ስምንት ሰው የሚይዝ ክብ ጠረጴዛ መስኮቱ አጠገብ ተዘጋጅቶ፣ ሰባቱ ወንበር ተይዞ፣ አንዱ ባዶውን ቆሞ አየሁ። መስኮቱ ትንሽ ቢከፈት እዚያ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ ብዬ በትሕትና ጠየቅኩ። ነጭ ለባሹ የደስታ አስተባባሪዎ ግን መስኮቱ ለእይታ እንጂ ለአየር እንዳልተሠራ አስረድተውኝ፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር ወስደው ከአንድ ወፍራም ምሰሶ ጀርባ ባለች የሁለት ሰው ጠረጴዛ አስቀመጡኝና «ለእርስዎ እዚህ ይመችዎታል» አሉኝ። ብዙም ሳልቆይ ፊት ለፊቴ የነበረውን ወንበር ሌላ ቦታ ሰው በዝቷል ተብሎ ወሰዱት። በነጋታውም አልተመለሰም፣ ከዚያም ወዲያ አልተመለሰም። ከምሰሶው በቀር አጠገቤ የሚተነፍስ ስላልነበረ ጭምብሌን አውልቄ እበላለሁ፣ ስጨርስ መልሼ አጠልቃለሁ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የሚሉት አባቶች መርከብዎን ቢያዩት ኖሮ አስቀድሞ ለብቻው የሚያስቀምጠውን ሰው ሹመት ጭምር ይጠቅሱ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ሊፍቱ። እኔ ስገባ ሰው ይወጣል። አንዳንዱ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሆኖ፣ አንዳንዱም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይወጣል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ እሷ ክርኑን ትጎትተዋለች። የታመምኩ መስሏቸው ነው፤ እኔ እንዳልታመም ያጠለቅኩት ጨርቅ ለእነሱ የታመምኩበት ምልክት ሆነ። አስተባባሪዎም ኮሪደር ላይ አግኝተው ጆሮዬ ሥር «አባባ፣ እንግዶቻችን እየተሳቀቁ ነው፤ ፊትዎ ቢታይ ለሁላችንም ጥሩ ነው» ብለውኛል። ያን ቀን መስኮት የሌላት ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጭምብሌን አውልቄ ፊቴን በመስታወት አየሁት። ያን ያህል የሚያስናፍቅ ነገር አላገኘሁበትም። ቢሆንም ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሰው መሆን ከባድ ነው፤ ይህንን በቀልድ ልሸፍነው ብሞክርም አልሸፈን ብሎኛል።

ሦስተኛ፤ ሥራ ስለሰጣችሁኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በዚያ ሁሉ መርከብ ላይ ከእኔ በቀር ጭምብል የሚያደርጉት ምግብና መጠጥ የሚያመላልሱት ሠራተኞችዎ ብቻ ነበሩ። እኔ ደግሞ ከሱቅ ዘመኔ የቀረኝን ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ነው የምለብሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከክቡ ጠረጴዛ አጠገብ ሳልፍ አንድ ወፍራም ተሳፋሪ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ባዶ ስኒ አስጨበጡኝና «ሁለት ሻይ፣ አንዱ ያለ ስኳር» አሉ። ከተሳፈርኩ ወዲህ ልሂድልዎ፣ ልውጣልዎ ሳይለኝ በሙሉ ድምፁ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። ምን ላድርግ፣ አመጣሁላቸው። አንዱንም ያለ ስኳር።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ክቡርነትዎ፣ ዕድሜ ልኬን ከተቀመጠ ሰው ጀርባ ቆሜ ስለኖርኩ መቆም አይከብደኝም፤ ሰው አንገቱን ሳይመልስ ሲያወራኝም አይደንቀኝም። የወጥ ቤት አለቃዎ «አንተ ሽማግሌ፣ ፈጠን በል እንጂ!» ብለው ሲጮኹብኝ ፈጠን ብያለሁ። እንግዳ መሆኔን ከተናገርኩ ወደ ምሰሶዬ እንደምመለስ ስለገባኝ ዝም አልኩ። ሥራውን በነፃ ስለሠራሁ አንዳችም ቅሬታ የለኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አስተማሪዋን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው። ከሰባቱ መካከል ሻይ ሲቀበሉ ቀና ብለው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ወደ ጭፈራው ሲሄዱ እሳቸው ይቀራሉ፤ ከሰገነቱ አጥር ተደግፈው፣ ነፋሱ በእኔና በእሳቸው መካከል እያለፈ፣ እኔም ትሪዬን ይዤ ራቅ ብዬ ቆሜ እንጫወታለን። የሰው ጠባይ ከማጅራቱ እንደሚታወቅ ስነግራቸው ስቀው ሹራባቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡት። እሳቸውም የድሮ ተማሪ መንገድ ላይ ሰላም ሲላቸው ስሙን ሳይሆን የሚቀመጥበትን ወንበር እንደሚያስታውሱ ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ «እኔ ቴሌቪዥን የምከፍተው ላየው አይደለም ጋሼ፤ እጓዳ ስሆን ሳሎን ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው» አሉኝ። እኔም እኮ ሚስቴ ከሞተች በኋላ ሬዲዮ ሳልዘጋ እወጣ ነበር፤ ስመለስ ድምፅ እንዲቀበለኝ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሳቸው ነገርኳቸው።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሰሃን አጣቢ፣ አዲስ የተቀጠርኩ መስያት፣ ትሪውን ስትቀበለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባቴ፣ እንዳያወልቁት። ታች የሚተኙት ልጆች ግማሹ በሳል ወድቀዋል። እኛን ሸፍኑ ያሉን ለሱ ነው፤ እንግዳ ከጠየቀ ግን ለንጽሕና ነው በሉ ተብለናል» አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። የሠራተኞቹን አፍ የሸፈናችሁት በሽታው እንዳይወጣ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወሬውም እንዳይወጣ ኖሯል።

በዚያው እግሬ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ያስታውሱኝ እንደሆነ ምንጣፍዎ ላይ ቆሜ ለተሳፋሪው ይነገር ብዬ የለመንኩዎት ሽማግሌ እኔ ነኝ። እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ የባሕር አየር ጉሮሮ እንደሚያደርቅ፣ እንግዳ የሚሳፈረው ሊደሰት እንጂ ሊሰጋ እንዳልሆነ፣ ዝም ደግሞ እንደማይነቅዝ ገልጸውልኝ፣ ስሸኝ ለመካሻ ይሁን ብለው በመርከቡ ውስጥ በነፃ ፀጉር የምስተካከልበትን ኩፖን ሰጡኝ። ለፀጉር አስተካካይ፤ ያውም ለራሰ በራ። ኩፖኑን አሁንም አልጣልኩትም።

ከቢሮዎ ወጥቼ የክፍሌን በር በቁልፌ ስከፍት አስተማሪዋ በኮሪደሩ ሲያልፉ አዩኝ። ክፍላቸው ለካ ከእኔ ሦስት በር ወዲያ ነው። ቆሙ። ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ውይ በሞትኩት! እንግዳ ነዎት እንዴ? እኔ ነኝ ሻይ ሳስመላልስዎት የከረምኩት?» ብለው ፊታቸውን ያዙ፤ ከዚያ ግን ሳቁ፤ ሳቃቸው አልቆም አለ። «በሉ ዛሬ የመጨረሻው እራት ነው፤ ስምንተኛው ወንበር የእርስዎ ነው፤ ሹራቤን ጥዬበት እጠብቅዎታለሁ። እምቢ ቢሉ እንጣላለን» አሉኝ። የሰማሁትን በዚያች ሰዓት ልነግራቸው ይገባ ነበር። እሺ ብዬ ብቻ ገባሁ። ወንበር የያዘልኝ ሰው ካየሁ ዘመን የለውም፤ ደስታው ሳሉን አስረሳኝ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ስነግራት «አውልቀውና ብላ አንተ ሰውዬ! እኔ ዛሬ አልሞትም» ብላ ሳቀችብኝ፤ ሳቁ መሐል ላይ ያቺ ደረቅ ሳሏ ያዘቻትና ስልኩን ከአፏ አራቀችው። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ «ብላ ብዬሃለሁ» አለች፤ ድምጿ ግን አልቆ ነበር። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ጭምብሌን እንደማላወልቅ የወሰንኩት ያኔ ነው። እንግዲህ ጭምብሉን ላድርግ ወይስ ልተው የሚለው ነገር ለእናንተ የማስታወቂያ አንድ መስመር ነው፤ ለእኔ ግን በአንድ ወገን የእህቴ ትንፋሽ፣ በሌላ ወገን ሹራብ የተጣለበት ወንበር ነበር።

የቀሩኝን ንጹሕ ጭምብሎች በኪሴ ሞልቼ፣ ለሰባቱም ልሰጣቸው፣ የሰማሁትን ልነግራቸው፣ ለእሳቸውም ስለ እህቴ ላስረዳቸው ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ሹራቡ ወንበሩ ላይ አለ። ወፍራሙ ሰውዬ ሶፍት አፋቸው ላይ ይዘው ያስላሉ፤ ከጎናቸው ያሉት ሴትም ያስላሉ። ከወንበሩ ጀርባ ቆሜ ጎንበስ ብዬ «ሳል አለ፣ መርከቡ ውስጥ ሳል ገብቷል» ስል ከየት እንደመጡ ያላየኋቸው አስተባባሪዎ ክርኔን ያዙኝ። ለገበታው ፈገግ እያሉ «አባባ ትንሽ ደክሟቸዋል፤ ብቻቸውን መሆን ነው የሚመርጡት» አሉ። ልመልስ ስል ከበሮው ዋጠኝ። አስተማሪዋ ጭምብሌን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሹራባቸውንም ከወንበሩ ላይ አነሱ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አስቸገርኩዎት» አሉኝ። የእሳቸውን ድምፅ ከበሮው አልዋጠውም። ጭምብሎቹ ከኪሴ ሳይወጡ አስተባባሪዎ በክርኔ ይዘው ወደ ምሰሶዬ መለሱኝ።

በማግሥቱ ስንወርድ በየሻንጣው ሰልፍ መካከል ፈለግኳቸው። እሳቸው በሌላኛው በር ወርደው ነበር፤ እኔ የወረድኩበት ሰልፍ ላይ ግን ሳሉ እየተቀባበለ ከላይ እስከ ታች ይሰማ ነበር። ቤቴ ስደርስ እህቴ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «ሰው አገኘህ?» አለችኝ። አገኘሁ አልኳት። «ማን ትባላለች?» ስትለኝ አላውቅም ስላት ከንፈሯን መጠጠችና፣ ያለህን ወረቀት ሁሉ ጨርሰህም ቢሆን ጻፍና አግኛት አለችኝ።

ስለዚህ ጻፍኩልዎት። መምሪያዎም መለሰልኝ፤ የእንግዶችን ምሥጢር አሳልፎ እንደማይሰጥ፣ ይልቁንም በጉዞው ምን ያህል እንደተደሰትኩ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንድሰጥ ጠየቀኝ። ምሥጢር መጠበቅ እንደምትችሉማ ከሳሉ አውቄዋለሁ፤ በዚህ አምስት ከአምስት ሰጥቻለሁ። ይህንን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ተጓዥ ላድርግ ወይስ ልተው ብሎ ቢጠይቀኝ ደግሞ እኔ ማንንም አላዝም፤ ሰው የሚበጀውን ያውቃል። ነገር ግን ሰው የሚመርጠው ሲያውቅ ነው። ሰሃን አጣቢዋ አውቃ ሸፈነች፣ እኔ አውቄ ሸፈንኩ፤ እነዚያ ሰባት ሰዎች ግን ሳያውቁ እየሳቁ ተቀመጡ፤ ይህንን ነው ክቡርነትዎ ምርጫ ብለው ያከበሩላቸው።

አሁን፣ ከፈቀዱልኝ፣ ፊቴን ከእርስዎ ለአፍታ ላዙር። እመቤቴ፣ ይህ ጋዜጣ እጅዎ ከገባ፣ ብቻዬን መሆን አልመረጥኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ወንበር የተመኘሁት ወንበር የለም። ሳንባዋ የደከመ እህት አለችኝ፤ በሽታ ይዤባት ገብቼ እንዳልቀብራት ፈርቼ ነው የቆምኩት። ስለ ሳሉ ኮሪደሩ ላይ ሳልነግርዎ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። ደኅና ከሆኑ ደኅና ነኝ የምትል አንዲት ቃል ለጋዜጣው ይላኩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ታመውም ከሆነ ይላኩልኝ፤ በር ላይ ቆሜ ማጫወት እችላለሁ።

ወደ እርስዎ ልመለስ፤ ክቡርነትዎ ስለሰጡኝ ጠረጴዛ፣ ስለወሰዱብኝ ወንበር፣ ስለ ኩፖኑና ስለ ዝምታዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ደስታዎ እንዳይጎድል፣ ሳንባዎም እንደ ሕሊናዎ ምንም ሳይሰማው ረጅም ዕድሜ እንዲኖር እመኛለሁ።

ከመርከብዎ ምሰሶ ጀርባ አክባሪዎ፤
ደመወዝ ያልጠየቀው አስተናጋጅ፣
ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ጽፌ ሳበቃ ከመምሪያዎ አንድ ትልቅ ፖስታ ደረሰኝ፤ መልስ መስሎኝ በር ላይ እንደቆምኩ ከፈትኩት። የመታሰቢያ ፎቶግራፍ ኖሯል። በዚያ ምሽት ፎቶ አንሺያችሁ እንዳነሳን አላወቅኩም ነበር፤ ሰባቱ ተቀምጠዋል፣ እኔ ከወንበሩ ጀርባ ቆሜአለሁ፣ አስተማሪዋ ሹራባቸውን ይዘው ቀና ብለው ያዩኛል። ጭምብሌ ግን የለም። ለፎቶው ውበት ስትሉ በኮምፒውተር አጥፍታችሁ በቦታው አፍ ተክላችሁልኛል፤ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ የጎረምሳ አፍ። እህቴ አይታው «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለችኝ። አብሮ የመጣው ወረቀት ያው ፎቶ በገበታው ለነበሩት ሁሉ በየቤታቸው እንደተላከ ይገልጻል፤ አድራሻቸው ለዚህ ለዚህስ ይገኛል ማለት ነው። እሳቸው ፊቴን አይተውት አያውቁም፤ አሁን የሚያውቁት ፊት ይህ ነው፤ የያዙልኝን ወንበር ትቼ ስሄድ የሚስቀው። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝና፣ ክቡርነትዎ፣ ይህችን ብቻ ይንገሩልኝ፤ ያን ምሽት እኔ አልሳቅኩም።